የቱቦው ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት ኬሲ ሆልተር የተባለ ሕፃን ተወለደ። የጀርባ አጥንቱ በወጉ አልተዘጋም፤ ጭንቅላቱ ውስጥም ፈሳሽ ይጠራቀም ነበር። ሐኪሞች ይህን ሁለተኛውን ሕመም ሀይድሮሴፋለስ ይሉታል። አባቱ ጆን ሆልተር የቁልፍ ፋብሪካ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አልነበረም። ፈሳሹን ከአንጎል ወደ ልብ የሚያወርደው ቱቦ አስተማማኝ ቫልቭ እንደሌለው ከቀዶ ሐኪሙ ከዩጂን ስፒትዝ ሲረዳ፣ ከሲሊኮን አንድ ቫልቭ ሠራ። በ1956 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ቫልቭ ከዚያ በፊት ተስፋ ያልነበራቸውን ብዙ ሕፃናት አተረፈ። ኬሲ ግን በልጅነቱ አረፈ።

ሻንት የተባለው ይህ ቱቦ ዕድሜ ሲሰጥ ለጀርምም በር ከፈተ። ማጅራት ገትር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በበጋ ወራት የሚዛመተውን ወረርሽኝ ነው። ይኼኛው ግን ሕፃኑን የሚይዘው ሊድን በገባበት ሆስፒታል ነው። መነሻው ብዙውን ጊዜ በሰው ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት የሚኖር ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ወደ ቱቦው ይሻገራል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮጀር ቤይስተን በ1972 ከባልደረባው ጋር እንዳሳየው፣ ከቱቦው የተገኙ አንዳንድ የባክቴሪያው ዝርያዎች የሚያዳልጥ ልባስ ያመነጫሉ። በልባሱ የተጠለለውን ባክቴሪያ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ በአብዛኛው ቱቦው ይወጣል፤ ፈሳሹ ለጊዜው ወደ ውጭ ይቀዳል፤ ሕፃኑ መድኃኒት እየተሰጠው ይተኛል፤ ከዚያም ለአዲስ ቱቦ ዳግም ይቀደዳል።

የምጣኔ ሀብት ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የቱቦው ዋጋ በግዢ ደረሰኝ ላይ ይሰፍራል፤ የኢንፌክሽኑ ዋጋ ግን አይሰፍርም። የአልጋው ወጪ በሌላ መዝገብ ይያዛል፤ የእናቲቱ የሥራ ቀን በየትኛውም መዝገብ አይገኝም፤ የሕፃኑ የማሰብ አቅም ከተጎዳም ማንም ሒሳብ አይተምንለትም። ገዢው ሌላ፣ ዕዳ ከፋዩ ሌላ ሲሆን ደግሞ ምርጫው ይዛባል።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በሰሜን አሜሪካ አራት የሕፃናት ሕክምና ማዕከላት በአንድ ሥርዓት ለመሥራት ተስማሙ። በቀዶ ክፍሉ በር ላይ መግባትን የሚከለክል ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ እጅ በወጉ ይታጠባል፤ ጓንት ይደረባል፤ መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣል። በ2011 በወጣው ውጤት የኢንፌክሽኑ መጠን ከ8.8 ወደ 5.7 በመቶ ወርዷል። በብሪታንያና በአየርላንድ ደግሞ በ1,605 ሕሙማን ላይ የተካሄደና በ2019 የታተመ ጥናት ሦስት ዓይነት ቱቦዎችን አወዳደረ። በፀረ ተህዋስያን መድኃኒት የተነከረው ቱቦ ኢንፌክሽኑን ከ6 ወደ 2 በመቶ ሲያወርድ፣ ብር የተቀላቀለበት ከተራው አልተሻለም። ውድ የሆነ ሁሉ አይጠቅምም ማለት ነው፤ የጠቀመው ግን የዋጋ ብልጫውን ባስቀረው ወጪ መልሷል።

በምሥራቅ ኡጋንዳ በምባሌ ከተማ ሒሳቡ ሌላ መልክ ያዘ። አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ በ2005 ባሳተመው ጥናት 35 ዶላር ገደማ የሚያወጣውን የህንድ ቱቦ በብዙ እጥፍ ከሚበልጠው ጋር አነጻጽሮ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ይሁን እንጂ ሆስፒታል በራቀበት አገር የተበከለም ሆነ የተዘጋ ቱቦ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ገዳይ ነው። ስለዚህ ዋርፍ በተቻለ መጠን ቱቦውን መተው መረጠ፤ በኢንዶስኮፕ ለፈሳሹ መውጫ እየከፈተ፣ ፈሳሹን የሚያመነጨውንም ሕብረ ሕዋስ እየተኮሰ። በ100 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2017 የወጣ ጥናት በ12ኛው ወር በአእምሮ እድገት በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ስለዚህም ያለ ቱቦ መኖር ራሱ ትርፍ ሆነ።

በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ የሚታከሙ ሕፃናት በርክተዋል። በውጭ የሚኖር ወገን ለእነዚህ ሕፃናት ገንዘብ ሲያዋጣ ቱቦ መግዛት ይቀለዋል፤ ይቆጠራል፣ ፎቶግራፍም ይነሳል። የሳሙናው፣ የማምከኛ መሣሪያው፣ ሕፃኑ ለክትትል የሚመለስበት የትራንስፖርት ገንዘብ ግን በፎቶግራፍ አይታይም። ያለፉት 70 ዓመታት ታሪክ እንደሚመሰክረው ቱቦውን ከዕዳ የሚያድኑት እነዚህ ናቸው።