302 ቀን የቆየው ወረቀት፦ ከየጁ አውራጃ እስከ ሀብሩ ወረዳ

ወልዲያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አግኝታችሁ «አገርዎ የት ነው?» ብትሏቸው «የጁ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ልጃቸው «ሰሜን ወሎ» ይላል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ መታወቂያውን አውጥቶ ክልሉን፣ ዞኑን፣ ወረዳውንና ቀበሌውን በተራ ያነብላችኋል። ሦስቱም አልተሳሳቱም። የተወለዱትም እዚያው አንድ መሬት ላይ ነው። መስመሩ ግን በየመንግሥቱ እየተፋቀ ሌላ ተሰምሯል።

እኛ ከደርግ በኋላ የተወለድን ልጆች «አውራጃ» የሚለውን ቃል የምናውቀው ከወላጆቻችን አፍ ነው። የአስተዳደር ክፍፍል ሲባልም ትዝ የሚለን ለሥነ ዜጋ ፈተና የሸመደድነው ዝርዝር ነው፦ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። ጽፈን ወጣን፣ ረሳነው። ሰሜን ወሎ ላይ ግን ይህ ዝርዝር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። እንዴት? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ንጉሥ የሚሾምበት አገር

ዛሬ የጁ በሚል ስም የሚጠራ ዞንም ሆነ ወረዳ በመንግሥት መዋቅር ውስጥ የለም። ይህ ስም ግን በአንድ ወቅት ኢትዮጵያን ያንቀጠቀጠ ስም ነበር። በዘመነ መሳፍንት ከየጁ የወጡት መሳፍንት፣ ከትልቁ ራስ ዓሊ እስከ ትንሹ ራስ ዓሊ፣ 70 ዓመት ለሚሆን ጊዜ ጎንደር ላይ ነገሥታትን እያወረዱና እያነገሡ ኖረዋል። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መናገሻ አድርገው ገዙ። ትንሹ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ እስኪሸነፉ ድረስ ሥልጣኑ የየጁዎች ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የጁ ሁልጊዜ «ወሎ» ሲባል የኖረም አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደሴ ላይ ተቀምጠው ወሎን የሚገዙት ራስ ሚካኤል ሲሆኑ (በ1906 ዓ.ም ንጉሥ ተብለዋል)፣ የጁን የሚገዙት የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ ብጡል ነበሩ። ላስታ የራሱ ባላባቶች፣ ዋግ የራሱ ዋግሹም ነበራቸው። የግዛት ወሰን የሚባለውም በገዥው ጉልበትና ጋብቻ ልክ የሚሰፋና የሚጠብ ነገር ነበር። ዛሬ የአንተ የሆነው መሬት የፊታችን ክረምት የአማችህ ሊሆን ይችላል!

ገዥው ደመወዝ አልነበረውም። ሹመቱ ራሱ ደመወዙ ነበር። ከገበሬው በሚሰበሰበው ግብርና በገበሬው ጉልበት ይኖራል፤ በታች ያለው መልከኛና ጭቃ ሹምም እንደዚያው። በዚህ አሠራር ገበሬው የሚያውቀው መንግሥት ወደ እሱ መጥቶ የሚወስድ መንግሥት ነው። እሱ ወደ መንግሥት ሄዶ የሚጠይቅበት በር ጠባብ ነበር።

12 ጠቅላይ ግዛት፣ 12 አውራጃ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ሲገባ አገሪቱን ቆራርጦ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» በሚለው ካርታው ላይ እንደገና ሰፋት። ከነጻነት በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሠሯቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ይህን ማስተካከል ነበር። በነሐሴ 1934 ዓ.ም በወጣው ድንጋጌ አገሪቱ በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ተከፈለች። በኋላ ባሌ ከሐረርጌ ሲለይ 13፣ ኤርትራ በ1955 ዓ.ም ስትዋሃድ 14 ሆኑ። ከጠቅላይ ግዛት በታች አውራጃ፣ ወረዳና ምክትል ወረዳ መጡ።

ድንጋጌው አንድ ትልቅ ለውጥ አመጣ፤ ገዥው ደመወዝተኛ ሆነ። ተጠሪነቱም ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሆነ። መሳፍንቱ በግዛታቸው ላይ የነበራቸው ሥልጣን ተሰብስቦ አዲስ አበባ ገባ። ዘመናዊ ሥራ ነበር፤ ያለዚያ የማዕከላዊ መንግሥት ነገር ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወሎ ጠቅላይ ግዛት ራሱ 12 አውራጃ ነበረው፦ አምባሰል፣ አውሳ፣ ቦረና፣ ደሴ ዙሪያ፣ ቃሉ፣ ላስታ፣ ራያና ቆቦ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ዋግ፣ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ኢሉ እና የጁ። የየጁ ዋና ከተማ ወልዲያ ነበረች። ትናንት ራስ የሚያወጣው አገር ዛሬ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሆነ ማለት ነው። የወሎ ገዥነት ማዕረግም ለረጅም ጊዜ የአልጋ ወራሹ የአስፋ ወሰን ነበር።

ወረቀቱ የት ቆመ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በ1958 ዓ.ም ዋግ አውራጃ ላይ ረሃብ ገባ። የዚያን ዘመን ረሃብ ያጠኑ ምሁራን እንደጻፉት፣ የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን ካወቀ ከአንድ ወር በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ ወሬው አገር ግዛት ሚኒስቴር ደርሷል። በዚያ ዘመን መንገድና ስልክ አንድ ወር ብዙ አይደለም። ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ለመድረስ ግን 302 ቀን ፈጀ።

302 ቀን! ሚኒስቴሩም ቤተ መንግሥቱም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። በእግር ቢኬድ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ወረቀቱ ከዋግ ተራሮች አዲስ አበባ እስኪገባ ከወሰደበት ጊዜ አሥር እጥፍ የሚሆነውን የፈጀው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከዚያስ? ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ አዘዙ፤ ሚኒስቴሩም የወሎን ባለሥልጣናት የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልኩ ጠየቀ።

ብዙ ጊዜ ስለዚህ ዘመን ሲወራ «መንግሥት አልሰማም ነበር» ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። የታችኛው መዋቅር ሰምቷል፣ ጽፏል፣ ልኳል። ያልነበረው ሥልጣን ነው። የአውራጃው ገዥ ችግሩ እዚያው ዓይኑ ስር ሆኖ ጎተራ የመክፈት፣ ገንዘብ የመመደብ መብት አልነበረውም። በ1934ቱ ድንጋጌ ሥልጣን ሁሉ ወደ ላይ ሲሰበሰብ፣ አብሮ የተሰበሰበው ይህ ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1965 ዓ.ም፣ ረሃቡ ራያና ቆቦን፣ የጁንና አምባሰልን ሲያጠቃ ሕዝቡ ወረቀት አልጠበቀም። ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ወጥቶ ተቀመጠ። ዓለም የሰማው ከአገር ግዛት ሚኒስቴር አይደለም፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም ባሳየው ፊልም ነው። በዓመቱ ዙፋኑ ራሱ አልነበረም።

መንግሥት በር ላይ ሲመጣ

ደርግ ጠቅላይ ግዛቱን «ክፍለ ሀገር» አለው። ትልቁ ለውጥ ግን ከታች ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት በ20 ጋሻ መሬት ልክ ተቋቋሙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ በከተማ ቀበሌ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት እያንዳንዱን ቤት በቁጥር አወቀ።

ቅርብ መሆን ጥሩ ነው አይደል? ሁልጊዜ አይደለም። ቀበሌው ስኳርና ሳሙና የሚያከፋፍለውን ያህል ለጦር ሜዳ ወጣት ይመለምላል፤ መዋጮ ይሰበስባል፤ በ1977 ዓ.ም ሰፈራ ሲመጣ ስም ጽፎ የሚያቀርበውም እሱ ነበር። ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና መተከል ከተወሰዱት ከ500 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነበር። የደርግ ቀበሌ የመንግሥት እጅ ነበር፤ የሕዝብ አፍ ግን አልነበረም።

ወሬውስ? ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም ረሃብ እየመጣ መሆኑን በይፋ ተናገረ። ላይ ያሉት ግን ለመስከረም 1977 ዓ.ም አሥረኛ የአብዮት በዓልና ለኢሠፓ ምሥረታ ሽር ጉድ ላይ ነበሩ። ጥቅምት ላይ ቢቢሲ ኮረም ገብቶ ቀረጸ፤ ዓለም አለቀሰ። አሁንም የጎደለው ወሬ አልነበረም።

ሰሜን ወሎ ሲወለድ

በ1980 ዓ.ም ደርግ «ኢሕዲሪ» ሲሆን ካርታውን እንደገና ሳለው። አምስት ራስ ገዝ አካባቢዎችና 24 የአስተዳደር አካባቢዎች ተፈጠሩ፤ ወሎም ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ወልዲያ የሰሜኑ ዋና ከተማ ሆነች። ብዙ ሰው «ሰሜን ወሎ» የሚለው ስም ከኢሕአዴግ ጋር የመጣ ይመስለዋል። አይደለም፤ ከዚያ ይቀድማል።

በ1984 ዓ.ም የሽግግር መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ከፈለ፤ አማራ «ክልል 3» ተባለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎቹ ዘጠኝ ሆኑ። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዚያም ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲጨመሩ ቁጥሩ 12 ደረሰ። ልብ በሉ፣ በ1934 ዓ.ም የጀመርነውም በ12 ነበር!

በዚህ ሁሉ መሐል አውራጃ ቀረና ዞን መጣ። የድሮው የወሎ ምድር ተበታተነ፦ አውሳ ወደ አፋር፣ ዋግ የራሱን የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ዞን ይዞ ሰቆጣ ላይ፣ አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ። የራያው ነገር እስከ ዛሬ ደም ያፋሰሰ ጥያቄ ነው። አንድ መስመር ቢሮ ውስጥ በአንድ ቀን ይሰመራል፤ የሚያስከትለው ግን በትውልድም አያልቅ።

አሁን መርሳ ላይ

የቀድሞው የጁ ዛሬ በዋነኛነት ጉባላፍቶና ሀብሩ በሚባሉ ወረዳዎች ውስጥ ነው። የሀብሩ ዋና ከተማ መርሳ ናት። ወረዳው በደቡብ በሚሌ ወንዝ ከደቡብ ወሎ ይለያል፤ በምሥራቅ አፋር፣ በምዕራብ ጉባላፍቶ፣ በሰሜን አላውሃን ተሻግሮ ቆቦ ነው። ወልዲያን የሚያውቅ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ያውቃል፤ በአንድ ከተማ ሦስት መንግሥት አለ። የዞኑ አስተዳደር፣ የከተማው ከንቲባ፣ እንዲሁም ከተማዋን ዙሪያዋን የከበበው የጉባላፍቶ ወረዳ ጽሕፈት ቤት። ቢሮ ተሳስቶ ገብቶ «ይሄ የእኛ አይደለም» ያልተባለ ሰው ይኖር ይሆን?

ሥራውስ እንዴት ይሄዳል? ወረዳው በምርጫ የሚቋቋም ምክር ቤት አለው፤ አስተዳዳሪውም ከዚያ ይወጣል። በ1994 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በተጀመረው ያልተማከለ አስተዳደር ክልሉ በቀመር ያሰላውን በጀት በጥቅሉ ለወረዳው ይሰጣል፤ ወረዳው ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና ይደለድላል። በየጁ ምድር ታሪክ መርሳን በመሰለች ትንሽ ከተማ ሰዎች ተቀምጠው በጀት ሲያጸድቁ ይህ የመጀመሪያው ነው። ትንሽ ነገር አይደለም። አብዛኛው ገንዘብ ግን የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ሆኖ ያልቃል፤ ለመንገድና ለውኃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሚደለድል እጅ አለ፤ የሚደለደለው ግን ቀድሞ ተወስኗል።

ዞኑ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ሰሜን ወሎ ግን የለውም፤ የክልሉ ክንድ ነው፣ ሹመቱም ከላይ ነው። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው ዞን ማለት ነው። እስቲ ከሉክሰምበርግ ጋር እናስተያየው። ሕዝቧ 700 ሺህ አይሞላም፤ ስፋቷም የሰሜን ወሎን ሩብ አያህልም። እሷም 12 ካንቶኖች አሏት፤ ከካንቶኖቹ በላይ የነበሩትን ሦስት ዲስትሪክቶች ግን ሥራ ፈት መካከለኛ እርከን ናቸው ብላ እ.ኤ.አ. በ2015 አፈረሰቻቸው። ካንቶኖቹም አስተዳደር የላቸውም። ሥልጣኑ ያለው ሕዝብ በሚመርጣቸው ኮሚዩኖች እጅ ነው። አንድ አገር ስንት እርከን ያስፈልገዋል የሚለውን ጥያቄ ትናንሾቹም ይጠይቁታል ለማለት ያህል ነው።

ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲሠራ፣ ተረጂውን የሚመርጠው በየቀበሌው የተቋቋመ ኮሚቴ ነበር። አድልዎ አለበት፣ ዘመድ ይገባበታል የሚለው ቅሬታ አልጠፋም። እኔን የገረመኝ ግን የዝርዝሩ ነገር ነው። በ1958 ዓ.ም ከታች የተጠየቀው የሞቱት ሰዎች ስም ነበር። በ1997 ዓ.ም የተጻፈው በሕይወት ያሉት ሰዎች ስም ነው። የአስተዳደር ታሪካችን መሻሻል አለው ከተባለ፣ እኔ የማሳየው ይህንን ነው።

የተገኘው ግን በቀላሉ ይፈርሳል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ወልዲያም መርሳም በህወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩባቸው ወራት ባንክ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ሕዝቡ ዞንም ወረዳም ሳይኖረው ከረመ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነትም ብዙ ቦታ የወረዳና የቀበሌ ቢሮዎችን ሥራ አስፈትቷል። ቢሮው ሲዘጋ ድርቁ አብሮ አይዘጋም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ቀጣዩ የክልልና የዞን ክርክር ሲነሣ (መነሣቱ አይቀርም!) ስለ ስሙና ስለ ካርታው ቀለም ብቻ አንከራከር። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እናንሣ፦ ነገ ሀብሩ ላይ ዝናብ ቢቀር፣ መርሳ የተቀመጠው ሰው ፈቃድ ሳይጠብቅ የሚከፍተው መጋዘን አለው? ከሌለውስ፣ የፈቃዱ ወረቀት የማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን ይቆያል?