የማሽን መሠረትና ንዝረት፦ ከወፍጮ ባቡር እስከ ሙገር ሲሚንቶ

የአገራችን የኢንዱስትሪ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረዘረው ማሽኑ የመጣበት ዘመንና ያስመጣው ሰው ነው፤ ማሽኑ የቆመበት መሠረት እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ የማሽኑ ዕድሜም ሆነ የጎረቤት ግድግዳ ደኅንነት በአመዛኙ የሚወሰነው ከመሬት በታች በተቀበረው ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሆለታ አካባቢ በመነሣት የዚህን ዕውቀት አመጣጥና ለትምህርት ያለውን ጥቅም ባጭሩ ማመልከት ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የመንገድ መዳመጫ በመንኮራኩሩ የሚሄድ ስለ ነበር መሠረት አላስፈለገውም። በኋላ በየከተማው የተተከለው የወፍጮ ባቡር ግን ባንድ ቦታ ቆሞ የሚሠራ ነው። የፒስተኑ ምልልስ በየዙሩ መሬቱን ይመታል፤ ምቱም በአፈር ውስጥ ተጉዞ የጎረቤትን የጭቃ ቤት ምርጊት ሊያረግፍ ይችላል። በሌላው ዓለም መሐንዲሶች ለዚህ ችግር ለረጅም ጊዜ የተመሩበት ደንብ ክብደትን መጨመር ነበር፤ ይኸውም የመሠረቱ ክብደት ለሚሽከረከር ማሽን 3 እጥፍ፣ ለሚመላለስ ፒስተን 5 እጥፍ ያህል ይሁን የሚል ነው።

ደንቡ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በበርሊን የአፈር ንዝረት ሙከራዎች ተካሄዱ፤ በ1936 ኤሪክ ራይስነር የሒሳብ መሠረቱን አቀረበ፤ በ1948 ደግሞ የሶቪየቱ ባርካን ዕውቀቱን በመጽሐፍ አሰባሰበ። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። ማንኛውም መሠረት ከተቀመጠበት አፈር ጋር ሆኖ የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ አለው። ዥዋዥዌ በየምልልሱ በጊዜው ሲገፋ ከፍ ከፍ እንደሚል፣ የማሽኑ ምት ከዚህ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ንዝረቱ እጅግ ይበረታል። በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ 10 ጊዜ ይመታል። የመሠረቱ ድግግሞሽ 12 ቢሆንና «ይጠንክር» ተብሎ ጠቅላላ ክብደቱ 1.44 እጥፍ ቢደረግ፣ ድግግሞሹ ወደ 10 ይወርዳል፤ የታሰበው መድኃኒት በሽታውን ያመጣል።

ከሆለታ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ማምረት ሲጀምር ጉዳዩ ከወፍጮ ቤት ወደ ከባድ ኢንዱስትሪ አደገ። በሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የሚሰብር፣ በዝግታ የሚዞር፣ በፍጥነት የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ለአጠገብ ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ የሚስማማው የአርማታ መሠረት የተለየ ነው፤ ንዝረቱ ወደ ሕንፃው ምሰሶዎች እንዳይተላለፍም በመካከል ክፍተት ይተዋል።

ማሽን ከውጭ ሲገዛ የክብደቱና የፍጥነቱ ልክ አብሮ ይመጣል፤ አፈሩ ግን የአገር ነው። ዋልካ በክረምት አብጦ ይለሰልሳል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በግንቦት ጸጥ ብሎ የሚሠራ ማሽን በነሐሴ ሊናወጥ ይችላል። የአፈሩ ምርመራም ሁለቱን ወቅቶች ማጠቃለል ይኖርበታል።

እንግዲህ ዕቅድ አውጪው ለፋብሪካ ቦታ ሲመርጥ ከመንገድና ከውኃ ጋር አፈሩንና የመኖሪያ ቤቶችን ርቀት ሊመረምር ይገባል። መምህሩም የንዝረትን ትምህርት በሽቦ ጥምዝ ብቻ ሳይወስን ተማሪዎቹን ወደ ቅርቡ ወፍጮ ቤት ይውሰድ። የሞተሩን ዙር ቆጥረው፣ በውኃ የተሞላ ሣሕን በተለያየ ርቀት መሬት ላይ አስቀምጠው ሞገዱን ቢያስተያዩ፣ ነገ ለሚተከለው ፋብሪካ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከዚያ ይጀምራል።