መቀጫ ነው ወይስ ዋጋ? የብሪታኒያ ባንኮችና የትንሹ ነጋዴ አቤቱታ

በብሪታኒያ ባንኮች ዘንድ አንዲት ደብዳቤ 30 እና 35 ፓውንድ የምታስከፍልበት ዘመን ነበር። መልእክቷ አጭር ናት፤ በሂሳብዎ በቂ ገንዘብ ስላልነበረ የታዘዝነውን ክፍያ አልፈጸምንም፣ ለዚህም ይህን ያህል ቆርጠናል ትላለች። ክፍያውን ያልፈጸመው ኮምፒውተር ነው፤ ደብዳቤዋን ያተመውም ኮምፒውተር ነው። ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የአገሬው ሰው ተነሥቶ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፤ ለዚህ ሥራ 35 ፓውንድ ምን ሲደረግ? ጥያቄው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ደመወዝተኛው ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን በዚያ ግርግር መሐል ስለተረሳው፣ ስለ ባለሱቁ፣ ስለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ስለ ትንሿ ምግብ ቤት ባለቤት ነው። ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት የከፈቱ ያገራችን ልጆችም የሚይዙት ይህንኑ ዓይነት የንግድ ሂሳብ ስለሆነ ነገሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

መጀመሪያ ቅጣቱ ትንሹን ነጋዴ እንዴት እንደሚያገኘው እንይ። ነጋዴው ሥራውን ሠርቶ ደረሰኝ ቆርጦ ሰጥቷል፤ ደንበኛው ግን የሚከፍለው ከ60 ቀን በኋላ ነው። በመሐል ባንኩ በየወሩ ከሂሳቡ እየቀነሰ እንዲከፍል የታዘዘው የኢንሹራንስ ቀን ይደርሳል። ሂሳቡ 20 ፓውንድ ጎደለ እንበል። ኢንሹራንሱ ሳይከፈል ይቀራል፣ 35 ፓውንድ ይቆረጣል። በማግስቱ የስልክ ክፍያ ይመጣል፤ ያ 35 ፓውንድ ባይቆረጥ ኖሮ ይበቃ የነበረው ሂሳብ አሁን አይበቃም፤ ሌላ 35 ይቆረጣል። ከድጡ ወደ ማጡ። የጎደለው 20 ፓውንድ ነበር፣ የተቆረጠው 70 ሆነ። ባንኩም ደንበኛው ሂሳቡን በአግባቡ አልያዘም ብሎ ይወቅሰዋል፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው።

የእንግሊዝ ሕግ ለዚህ ነገር ያረጀ መድኃኒት ነበረው። በ1915 ደንሎፕ የተባለው የጎማ ኩባንያ ከተወሰነው ዋጋ በታች ጎማ በሸጠ አንድ ጋራዥ ላይ የመሠረተውን ክስ የሎርዶች ምክር ቤት ሲወስን፣ ሎርድ ዱነዲን ለመቶ ዓመት የሚጠቀስ መለኪያ አስቀመጡ። ውል ያፈረሰ ሰው እንዲከፍል አስቀድሞ የተወሰነው ገንዘብ የሚደርሰውን ጉዳት በቅን ልቡና የገመተ ከሆነ ይጸናል፤ ሊደርስ ከሚችለው ከትልቁ ጉዳት ጋር ሲነጻጸር እንኳ ከልክ ያለፈ ከሆነ ግን መቀጫ ነው፣ ፍርድ ቤት አያስከፍልም። ደንሎፕ በየጎማው 5 ፓውንድ ነበር የጠየቀው፤ ያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፣ ግን መቀጫ አይደለም ተብሎ ጸናለት። ለኛ የሚያስፈልገን መለኪያው ነው። ባንክ አንድን ክፍያ ሳይፈጽም ሲቀር የሚደርስበት ወጪ ጥቂት ከሆነ 35 ፓውንዱ ምንድን ነው?

በሚያዝያ 2006 የፍትሐዊ ንግድ ቢሮ የተባለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ በክሬዲት ካርድ ላይ ቆራጥ ቃል ተናገረ። ቀን ላሳለፈ ከ12 ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል ባንክ ፍትሐዊ እንዳልሆነ እቆጥረዋለሁ አለ፤ አስተሳሰቡ ለተንቀሳቃሽ ሂሳብም እንደሚሠራ ጠቆመ። ከዚያ በኋላ ግድቡ ፈረሰ። ማርቲን ሉዊስ የተባለው የገንዘብ ጉዳይ ጋዜጠኛ ባዶ ቦታው ብቻ የሚሞላ የአቤቱታ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ለሕዝብ በነጻ ሰጠ፤ ሚሊዮኖች ወሰዱት። ያን ጊዜ እስከ 5,000 ፓውንድ የሚደርስ ክስ በአነስተኛ ክሶች ችሎት ያለጠበቃ መክሰስ ይቻል ነበር። የይርጋው ጊዜ በእንግሊዝና በዌልስ ስድስት ዓመት ስለነበር ሰዉ የስድስት ዓመት የሂሳብ መግለጫ እያስወጣ ቅጣቱን ይደምር ጀመር።

ባንኮቹ ያደረጉት ነገር ነው የሚገርመው። ክሱ ቀን ሲቆረጥለት ወይም በዋዜማው ሙሉውን ይከፍላሉ፤ ጥፋት አላመንንም፣ ለመልካም ግንኙነት ስንል ነው ይላሉ። አንድ ጊዜ ችሎት ቆሞ 35 ፓውንዱ በምን ወጪ እንደተሰላ ከመዘርዘር በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ መክፈል ቀሏቸው ነበር። ይህን ሳስብ፣ በነዚያ ሁለት ዓመታት ለሰው ተመላሽ ያስገኘለት ሕጉ ሳይሆን የባንኮቹ ፍርሃት ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ትንሹ ነጋዴም ደብዳቤውን ገልብጦ ላከ። የተመለሰለትም አለ። ግን ቦታው እንደ ደመወዝተኛው አልነበረም። ደመወዝተኛው በእጁ ሁለት መሣሪያ ነበረው፤ አንዱ የ1915ቱ የመቀጫ ሕግ፣ ሌላው በ1999 ከአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የተቀዳው ስለ ኢፍትሐዊ የውል ቃላት የወጣው ደንብ። ይህ ሁለተኛው ደንብ የሚጠብቀው ሸማችን ብቻ ነበር፤ ማለትም ከንግዱና ከሙያው ውጭ የሚዋዋልን ሰው። ብቻውን ሱቅ የከፈተች ሴት የውሉን ቃል አንብባ የመደራደር አቅሟ ከአስተማሪ ጎረቤቷ አይበልጥም፤ ሕጉ ግን እሷን ከባንኩ እኩል ነጋዴ አድርጎ ይቆጥራታል። በ1977 የወጣ ሌላ ሕግ ነጋዴውንም በጥቂቱ ይነካል፤ እሱ ግን ኃላፊነትን ስለሚሸሹ ቃላት እንጂ ስለ ክፍያ መጠን የወጣ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው የቀረው የደንሎፕ ጎማ ብቻ ነበር።

በዚያ ላይ ፍርሃት አለበት። ደመወዝተኛው ባንኩ ቢቀየመው ሌላ ባንክ ይሄዳል። የነጋዴው ኦቨርድራፍት ግን በውሉ መሠረት ባንኩ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ወዲያው የሚመለስ ዕዳ ነው። ባንኩን ለ400 ፓውንድ መቀጫ የሚከስ ሰው የ10,000 ፓውንድ ኦቨርድራፍቱ ነገ ቢጠራበት ከየት ያመጣል? ሳይከሱ የቀሩት ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር የለም።

በሐምሌ 2007 የፍትሐዊ ንግድ ቢሮና ስምንት ባንኮች ጉዳዩ አንድ የሙከራ ክስ ሆኖ በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲወሰን ተስማሙ። ያልተወሰኑት አቤቱታዎች በአብዛኛው ታገዱ። በሚያዝያ 24 ቀን 2008 ዳኛ አንድሩ ስሚዝ ውሳኔያቸውን ሲሰጡ ጋዜጦች ባንኮች ተሸነፉ ብለው ጻፉ፤ ምክንያቱም ክፍያው በ1999ኙ ደንብ ሊመረመር ይችላል ተብሏል። በዚያው ውሳኔ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበረ። ዳኛው ክፍያው መቀጫ አይደለም አሉ። እንዴት? መቀጫ የሚባለው ውል ለማፍረስ የሚከፈል ነው። የባንኮቹ ውል ግን ደንበኛ ከሂሳቡ በላይ ማዘዝ የለበትም አይልም፤ ከሂሳቡ በላይ ሲያዝ ያልተነጋገርንበት ብድር ይሰጠኝ ብሎ እንደጠየቀ ይቆጠራል ነው የሚለው። ባንኩ ጥያቄውን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፣ ላየበትም ያስከፍላል። የፈረሰ ውል የለም፤ ስለዚህ መቀጫም የለም። ባንኮቹ በነዚያ ዓመታት የውላቸውን ቋንቋ ከቅጣት ወደ አገልግሎት ክፍያ ሲቀይሩ የከረሙት በከንቱ አልነበረም። ቆየት ብለው ዳኛው የቀድሞዎቹን ውሎች ሲመረምሩም በአብዛኛው እዚያው መደምደሚያ ላይ ደረሱ።

ክርክሩ የግል ሂሳብን የሚመለከት ቢሆንም ለነጋዴው ፍርዱ በተግባር ያን ቀን ነበር። ሸማቹ በሁለተኛው መሣሪያው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድረስ እያሸነፈ ሄደ። የነጋዴው አንድ መሣሪያ ግን ወድቋል። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አላየሁም።

የሸማቹም ተስፋ ብዙ አልቆየም። ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 25 ቀን 2009 በሙሉ ድምፅ ለባንኮቹ ፈረደ። አመክንዮው ይህ ነው፤ ባንክ ሂሳብን በነጻ የሚያንቀሳቅሰው በምላሹ ገንዘባቸው ከሚጎድል ሰዎች ይህን ክፍያ ስለሚያገኝ ነው፤ ስለዚህ ክፍያው የጠቅላላው አገልግሎት ዋጋ አካል ነው፤ ደንቡ ደግሞ ፍርድ ቤት ዋጋ በዛ አነሰ እያለ እንዲመረምር አይፈቅድም። ይህ ገቢ ከግል ተንቀሳቃሽ ሂሳቦች ባንኮቹ ከሚያገኙት ገቢ ሁሉ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በተቆጣጣሪው ጥናት በ2006 ብቻ ወደ 2.6 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሷል። እንዲህ ያለ ገንዘብ በአጋጣሚ የሚሰበሰብ መቀጫ ሳይሆን የንግዱ ምሰሶ ነው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ዳኞቹ የሕጉን ቃል አጣምመው አነበቡ ለማለት ይከብደኛል፤ ፍትሐዊ ነው አላሉም፣ በዚህ በር መግባት አይቻልም ነው ያሉት። ከአንድ ወር በኋላ የፍትሐዊ ንግድ ቢሮ ነገሩን ተወው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነጋዴውን እንመልከተው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክንያት የቆመው ሂሳቡ ነጻ ነው በሚለው ላይ ነው። የንግድ ሂሳብ ግን ከመግቢያው ጊዜ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ አይደለም። ነጋዴው ቼክ ሲያስገባ ይከፍላል፣ ጥሬ ገንዘብ ሲያስገባ ይከፍላል፣ ወርኃዊም አለ። ለአገልግሎቱ ዋጋ ከፍሎ ጨርሷል። እንግዲህ በላዩ የሚቆረጠው 35 ፓውንድ የምኑ ዋጋ ነው? የሸማቹን ክስ የገደለው ምክንያት በነጋዴው ላይ አይሠራም ነበር። ግን ያን ክርክር ይዞ የሚገባበት ደንብ የሸማቾች ብቻ ነበር። የተሻለ ክርክር የነበረው ሰው በሩ የተዘጋበት ሰው ነበር።

ነጋዴው ከልክ በላይ መክፈሉን ማንም አያውቅም ነበር እንዳይባል፣ የውድድር ኮሚሽኑ በመጋቢት 2002 ባወጣው ሪፖርት አራቱ ትልልቅ ባንኮች ከአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በዓመት 725 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ያልተገባ ትርፍ እንደሚያገኙ ገልጿል። ባርክሌይስ፣ ኤችኤስቢሲ፣ ሎይድስ ቲኤስቢና ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ለንግድ ሂሳብ ወለድ እንዲከፍሉ ወይም ነጻ አገልግሎት እንዲሰጡ ተገደዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግዴታው ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ለነጋዴ ገንዘብ የተመለሰበት አንድ ትልቅ አጋጣሚ አለ፤ እሱም በፍርድ አልመጣም። ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ የተቸገሩ ድርጅቶችን ወደ አንድ ልዩ ክፍሉ እያዛወረ ውስብስብ ክፍያ ሲጭንባቸው ቆየ። እነዚህ በአብዛኛው ከባለሱቁ ተለቅ ያሉ ተበዳሪዎች ናቸው። ምሬቱ ፓርላማ ሲደርስ ባንኩ በኅዳር 2016 እነዚያን ክፍያዎች እንደሚመልስ አስታውቆ ወደ 400 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። የገንዘብ ተቆጣጣሪው ደግሞ በ2018 ባንኩን የሚቀጣበት ሥልጣን እንደሌለው ተናገረ፤ ለድርጅት የሚሰጥ ብድር በአብዛኛው ከቁጥጥሩ ውጭ ነውና።

በሚያዝያ 2020 ያው ተቆጣጣሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያልነካውን ነገር በደንብ ነካው። በኦቨርድራፍት ላይ በቀን ወይም በወር የሚቆረጥ ቋሚ ክፍያ ተከለከለ፤ ሁሉም በአንድ ዓመታዊ ወለድ እንዲገለጽ ተደረገ። ባንኮቹም ወለዱን ወደ 40 በመቶ ገደማ ሰቀሉት። ደንቡ የሚመለከተው የግል ሂሳብን ነው።

ለትንሹ ነጋዴ ዛሬ የቀረው በር የፋይናንስ ዕንባ ጠባቂው ነው። ከ2019 ጀምሮ ዓመታዊ ሽያጩ ከ6.5 ሚሊዮን ፓውንድ በታች የሆነና ሠራተኞቹ ከ50 ያነሱ ድርጅት አቤት ማለት ይችላል፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው። መጀመሪያ ለባንኩ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ባንኩ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልመለሰ፣ ወይም የመጨረሻ መልሱን ሰጥቶ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ወደ ዕንባ ጠባቂው ይሄዳል። እዚያ የሚያዋጣው ክፍያው በዛ ማለት ሳይሆን፣ በውሉ ላይ ያልተጻፈ ነው፣ ወይም በስሕተት የተቆረጠ ነው፣ ወይም መቸገሬን እያወቁ ደራርበውብኛል ብሎ የሂሳብ መግለጫውን ገጽ በገጽ አያይዞ ማቅረብ ነው።