ለተመዘገበ ተጠቃሚ ብቻ የሚከፈት ገጽ፦ አሠራሩና ጥንቃቄው

በዳምቦያም ሆነ በሆሳዕና አንድ ነዋሪ የአንድን ተቋም ድረ ገጽ ሲከፍት ዜናና ማስታወቂያውን ያለ ከልካይ ያነባል። የራሱን ሒሳብ፣ የልጁን ውጤት ወይም የግል መረጃውን ማየት ሲፈልግ ግን አስቀድሞ ማንነቱን ይጠየቃል። ሳሎን ለእንግዳ ሁሉ ክፍት ሲሆን ጓዳው ለቤተሰብ ብቻ እንደሚሆን ማለት ነው።

አሠራሩ

ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ሰርቨር የተባለው ዋና ኮምፒውተር ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ትክክል ከሆነ ለስልኩ ወይም ለኮምፒውተሩ ጊዜያዊ መለያ ይሰጣል፤ መለያው ብዙውን ጊዜ ኩኪ በተባለ አነስተኛ መረጃ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በሚከፈተው ገጽ ሁሉ መለያው አብሮ ይላካል። መለያ የሌለው ሰው ወደ መግቢያው ገጽ ይመለሳል።

መግባት ብቻውን ግን ሁሉን አያስፈቅድም። ተማሪ ውጤቱን ያያል፤ ሊለውጠው ግን አይችልም። ስለዚህ ሥርዓቱ «ይህ ሰው ማን ነው?» ካለ በኋላ «ይህን እንዲያይ ተፈቅዶለታልን?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የተለመደው ስሕተት

የገጹን ማስፈንጠሪያ መደበቅ ጥበቃ አይሆንም። በመጋረጃ ብቻ የተሸፈነ ጓዳ ለሌባ ክፍት እንደሆነ ሁሉ፣ አድራሻውን የገመተ ሰው ይገባል። በአድራሻው ውስጥ ያለውን ቁጥር በመለወጥ ብቻ የሌላ ሰው መረጃ የሚታይ ከሆነም ጥበቃው ጎድሏል። ማጣራቱ በሰርቨሩ ላይ፣ በእያንዳንዱ ገጽ መከናወን ይኖርበታል።

በአገራችን

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሚስጥር ቁጥር ይሠራል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚይዙ ተቋማት እንዲጠብቁት ያስገድዳል። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

የተጠቃሚው ድርሻ

ሰርቨሩ የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም። አርሶ አደሩ ገንዘብ እንዲያወጣለት ለሌላ ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ቢነግር፣ በስሙ የሚደረገው ሁሉ እርሱ እንዳደረገው ይቆጠራል። ስለሆነም፦

• የሚስጥር ቁጥርንና በአጭር መልእክት የሚደርስን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አለመንገር፤ ደዋዩ የተቋሙ ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ።
• በኢንተርኔት ቤት ወይም በተውሶ ስልክ ከተጠቀሙ በኋላ «ውጣ» የሚለውን መጫን፤ ገጹን መዝጋት ብቻ መለያውን ላያጠፋው ይችላል።
• የይለፍ ቃሉ እንዲቀመጥ በሰው ስልክ ላይ አለመፍቀድ።
• ለተለያየ አገልግሎት የተለያየ የይለፍ ቃል መጠቀም።
• ማንበብ የሚቸገር ሰው የሚታመን የቤተሰብ አባል አጠገቡ ሆኖ እንዲያግዘው ማድረግ፤ ቁጥሩን ግን ራሱ ማስገባት።