የእንግዴ ልጅ ሚዛን፦ ያልታየ ሕመም እንዴት ይቆጠራል?

አማርኛ የትውልድ ቦታን «እትብት የተቀበረበት» ይለዋል፤ ከጽንሱ ጋር አድጎ ከጽንሱ ጋር የሚወጣውን አካል ደግሞ በልጅ ስም «የእንግዴ ልጅ» ብሎ ይጠራዋል። በሴንት ፖል በብዛት የሚኖሩት ህሞንጎች ለዚሁ አካል ያላቸው ቃል «ካፖርት» እንደ ማለት ነው። ላኦስ ሳሉ ቤታቸው ውስጥ ይቀብሩት ነበር፤ ሰው ሲሞት ነፍሱ ተመልሳ የምትለብሰው የመጀመሪያ ልብሱ እርሱ ነውና። ሁለቱም ባህሎች የእንግዴ ልጅን አክብረው ቀበሩት። ሆስፒታሎች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳያከብሩት ጣሉት። በሁለቱም መንገድ ሳይመረመር ቀረ። ታዲያ የእንግዴ ልጅ ሕመም ምን ያህል ያጋጥማል ስንል የምናገኘው ቁጥር የሚለካው ሕመሙን ነው ወይስ የተመልካቹን ትጋት?

ኮሪዮአንጂዮማን እንውሰድ። ከእንግዴ ልጅ የደም ሥሮች የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። የለንደኑ ሐኪም ጆን ክላርክ በ1798 ስለ እርሱ ጻፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማይክሮስኮፕ በጥንቃቄ ሲፈለግ ከመቶ የእንግዴ ልጅ በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ አብዛኛውም ትንሽና ጉዳት የማያስከትል ነው። ከ4 ወይም ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ግን ከሺዎች አንድ ቢገኝ ነው። ይህ ትልቁ ዕጢ የጽንሱን ደም ወደ ራሱ እየሳበ ልብን ያደክማል፣ ደም ማነስ ያመጣል፣ የሽርት ውሃ ያበዛል፣ ምጥን ያለጊዜው ይጠራል። እንግዲህ «ብርቅ» ወይም «የተለመደ» የምንለው ዕጢውን በፈለግንበት መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለኢኮኖሚስት ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ የናሙና አድልዎ ይባላል። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ በ1997 ባወጣው መመሪያ ለምርመራ እንዲላክ የሚመከረው የሁሉም እናት የእንግዴ ልጅ ሳይሆን የሕክምና ምክንያት ያለው ነው። አሠራሩ ወጪን ይቆጥባል። ሆኖም የጤነኞቹ የእንግዴ ልጅ ከተጣለ የታመሙት ከማን ጋር ይነጻጸራሉ? ክፍልፋዩ ላይኛው ቁጥር እንጂ ታችኛው የለውም።

ይህን ጉድለት አስቀድሞ ለመሙላት የተሞከረበት አንዱ ከተማ ሚኒያፖሊስ ነው። በ1959 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የአንጎል ሽባነትንና ሌሎች የነርቭ ጉዳቶችን መነሻ ለማወቅ በ12 ማዕከላት ታላቅ ጥናት ጀመሩ፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ከ50,000 በላይ እርግዝናዎች ተመዘገቡ፤ ልጆቹም እስከ 7 ዓመታቸው ድረስ ክትትል ተደረገላቸው። ፓቶሎጂስቱ ከርት ቤኒርሽከ ባወጣው ሥርዓት መሠረት የእንግዴ ልጁ ክብደት፣ ስፋትና ውፍረት፣ የእትብቱም ርዝመት ተለካ። የጥናቱ ትልቅነት በመሣሪያው ረቂቅነት አልነበረም፤ ጤነኛውንም መዝኖ በመመዝገቡ ነው።

ሚኒሶታ ለእኛም ሙያ ሌላ መረጃ ሰጥታለች። ጄሪ በርማን እና ማርክ ሮዘንዝዋይግ በ2004 ያሳተሙት ጥናት በሚኒሶታ ከ1936 እስከ 1955 በተወለዱ መንትዮች መዝገብ ላይ የቆመ ነው። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች የዘር ውርሳቸውም እናታቸውም አንድ ናቸው፤ ሲወለዱ የክብደት ልዩነት ቢኖራቸው ዋናው ምክንያት በማህፀን ያገኙት ምግብ አለመመጣጠኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ከብዳ የተወለደችው መንትያ በትምህርት ርቃ እንደምትሄድ አገኙ። ምግቡን የሚያከፋፍለው የእንግዴ ልጅ ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ግን የለም፤ ሥራው የተገመተው ከልደት ክብደት ነው።

ጥያቄው ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር ይከብዳል። በከፍታ ቦታ በሚኖሩ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ኮሪዮአንጂዮማ በብዛት እንደሚታይ አመልክቷል፤ የተጠረጠረው የኦክስጅን ማነስ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በሌላ በኩል በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። የደጋው ሕዝብ ከከፍታው ጋር የተላመደው በእንግዴ ልጁም ጭምር ይሆን? ይህን ለመመለስ ከኢትዮጵያ ደጋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ዕድሉም እየሰፋ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በ2011 ከነበረበት 10 በመቶ በ2019 ወደ 48 በመቶ አድጓል። ቀድሞ በጓሮ ይቀበር የነበረው አሁን በአዋላጅ ነርስ እጅ ያልፋል። እርሷም ደም መፍሰስን ለመከላከል ሙሉ መሆኑን አይታ ወደ ጉድጓዱ ትልከዋለች። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሚዛን፣ ሜትርና አንድ የመዝገብ ዓምድ ቢጨመሩ ማይክሮስኮፕ የሚያየው ሁሉ አይታይም፤ ትልቁ ዕጢ፣ ያለቦታው የተተከለው እትብትና ከልጁ ጋር ያልተመጣጠነው ክብደት ግን ይታያሉ። ልጇ የሞተባት እናት «ምክንያቱ ምን ነበር?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከመቅበር በፊት መመዘን ክብሩን አይቀንስበትም።