የአጭር ስያሜ ታሪክ፤ ባለአንድ ፊደል አማራጮች በኮምፒዩተር የትእዛዝ መስመር

ምሕጻረ ቃል በልማድ የሚወለደው ከሙሉው ቃል በኋላ ነው። «ወይዘሮ» የሚለው ቃል ሳይኖር «ወ/ሮ»፣ «መሥሪያ ቤት» ሳይኖር «መ/ቤት» ተብሎ ሊጻፍ አይችልም። በኮምፒዩተር የትእዛዝ መስመር ላይ የሚሠራባቸው አጫጭር ስያሜዎች ግን በአብዛኛው የተገላቢጦሹን መንገድ ተጉዘዋል። ፊደሉ ቀድሞ ተሰጠ፤ ሙሉው ቃል ከብዙ ዓመታት በኋላ ተከተለው። ይህ ታሪክ ለስያሜ አውጪም ሆነ ለተርጓሚ ትምህርት ያለው ስለሆነ ባጭሩ እንመለከተዋለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የትእዛዝ መስመር ማለት ተጠቃሚው ለኮምፒዩተሩ ትእዛዙን በጽሑፍ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ከትእዛዙ ስም ቀጥሎ ሥራው በምን ሁኔታ እንደሚፈጸም የሚወስን «አማራጭ» ይገባል። ለምሳሌ ኤልኤስ የተባለው ትእዛዝ የፋይሎችን ስም ይዘረዝራል፤ ጭረትና «ኤል» የተባለው የላቲን ፊደል ሲታከሉበት ደግሞ ዝርዝሩን ከነመግለጫው ያወጣል።

በ1960ዎቹ በተጀመረው በመልቲክስ ሥርዓት ውስጥ አማራጮች በጭረት የሚጀምሩ ሙሉ ቃላት ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከሙሉው ቃል ጎን ለጎን ምሕጻር ነበራቸው። ቤል ላቦራቶሪስ በ1969 ከመልቲክስ ሥራ ሲወጣ፣ የዚያው ተቋም ባልደረቦች ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን መሥራት ጀመሩ። ዩኒክስ ጭረቱን ይዞ ሙሉውን ቃል ተወው። በኖቬምበር 3 ቀን 1971 በወጣው የመጀመሪያው መምሪያ የኤልኤስ አማራጮች አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ፊደል ነበሩ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ሞዴል 33 ቴሌታይፕ በሰከንድ ከ10 ምልክት በላይ የማይጽፍ በመሆኑ፣ ቁጠባው ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ከመሣሪያው ጋር የተስማማ ነበር።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የአማራጭን ስም ያወጣ የነበረው ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነበር፤ እርሱም የሚያስበው ስለ ራሱ ትእዛዝ ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት ፊደሎቹ ሞክሼ ሆኑ። «ኤፍ» ፋይል በሚሰርዘው በአርኤም ትእዛዝ «ሳትጠይቅ ፈጽም»፣ በታር «ፋይሉ ይህ ነው»፣ በከት ደግሞ «ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው» ማለት ነው፤ ፎርስ፣ ፋይልና ፊልድስ የተባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ነው። በኤልኤስ ደግሞ ሪቨርስና ሪከርሲቭ የተባሉት ሁለት ቃላት «አር»ን ተሻሙ። ንዑሱ ፊደል ለ«በተገላቢጦሽ ደርድር»፣ ዓቢዩ ለ«እስከ ውስጠኛው ማኅደር ዝለቅ» ተሰጠ። በአርኤም ግን መዝለቅን የሚያመለክተው ንዑሱም ነው።

አንዴ የተሰጠ ፊደል ተመልሶ አይወሰድም። ስያሜው በሰዎች እጅና በሺህ በሚቆጠሩ የተጻፉ ፕሮግራሞች ውስጥ ስለሚሰርጽ፣ ትርጉሙን መለወጥ የሌላውን ሥራ ማፍረስ ይሆናል። ታቱ ዩሎነን በ1995 በፊንላንድ ያስጀመረው ኤስኤስኤች ለዚህ ምስክር ነው። በኤስኤስኤች «ፖርት» የሚመረጠው በንዑሱ «ፒ» ነው። ፋይል በሚያስተላልፈው በእኅት ትእዛዙ በኤስሲፒ ግን ንዑሱ «ፒ» የፋይሉን ጊዜና ፈቃድ ለመጠበቅ ቀድሞ ስለ ተያዘ፣ ፖርቱ ወደ ዓቢዩ ፊደል ተገፋ። ተጠቃሚው ዛሬም ሁለቱን ያደናግራል።

መፍትሔው የመጣው በሁለት ወገን ነው። በመጀመሪያ አጻጻፉ ደንብ ተበጀለት። በ1985 ኤቲኤንድቲ አማራጮችን የሚተነትነውን ጌትኦፕት ለሁሉም ክፍት አድርጎ አሰራጨ፤ በ1992 የወጣው የፖዚክስ ደረጃም የአማራጭ ስም አንድ ፊደል ወይም አኃዝ እንዲሆን መመሪያ ሰጠ። ይህ ቅርጹን አስተካከለ እንጂ የትርጉሙን ሽሚያ አላስቀረም። ሁለተኛው መፍትሔ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካወጀው ከግኑ ፕሮጀክት የመጣ ነው። ግኑ በሁለት ጭረት የሚጀምር ሙሉ ቃል ከፊደሉ ጎን አቆመ፤ አንዱ ፕሮግራም «ፋይል» ያለውን ሌላው በሌላ ስም እንዳይጠራውም የስያሜዎች ዝርዝር አዘጋጀ። ይህ በእኛ ሙያ አነጋገር የቃላት መድበል ነው። ዛሬ የግኑ ኤልኤስ ወደ 40 የሚጠጉ ባለአንድ ምልክት አማራጮች ስላሉት፣ ከኋላ ከመጡት መካከል አጭር ስም ያልተሰጣቸው አሉ።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ ምን ይፈይዳል? የውጭውን መምሪያ የሚተረጉም ሰው መግለጫውን ይተረጉማል እንጂ ፊደሉን ሊለውጥ አይችልም። «በተገላቢጦሽ» ብሎ ሲጽፍ «አር» ከቃሉ ጋር የነበረው ዝምድና ይቋረጣል። ስለዚህ ፊደሉ የመጣበትን የእንግሊዝኛ ቃል በግእዝ ፊደል አንድ ጊዜ ቢያስታውስ አንባቢውን ከሽምደዳ ያድነዋል።

በአማርኛ አዲስ ትእዛዝ የሚያዘጋጅ ደግሞ የቋንቋውን ጠባይ ያስተውል። መፈለግ፣ መደርደር፣ መቅዳት፣ መሰረዝ ብሎ በንዑስ አንቀጽ ቢሰይም ሁሉም በ«መ» ላይ ይከማቻሉ። በትእዛዝ አንቀጽ ፈልግ፣ ደርድር፣ ቅዳ፣ ሰርዝ ቢል ግን ፈ፣ ደ፣ ቅ፣ ሰ ተብለው ይለያያሉ። ይሁንና አሳይ፣ አውጣ፣ አጥፋ እንደገና በ«አ» ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ የጥንቱ ልማዳችን መላ አለው። ወይዘሮና ወይዘሪት በመጀመሪያ ፊደላቸው ስለሚጋጩ ወ/ሮ እና ወ/ሪት ተብለው በመጨረሻቸው ተለይተዋል።

እንግዲህ ሙሉው ስያሜ ይቅደም፤ በሁሉም ዘንድ አንድ ይሁን። አጭሩ ስም ቃሉ በሥራ ላይ ውሎ ዘወትር መፈለጉ ሲታወቅ ብቻ ይሰጥ። ፊደል ጥቂት ነው፤ ገና ያልተሠራው ሥራ ግን ብዙ ነውና ለሚመጣው ሰው ቦታ መተው ይገባል።