የተአምር ፈውስ ምርመራ (በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን)

በጸሎት ተገኘ የተባለ ፈውስ ተአምር ተብሎ ከመታወጁ በፊት ሐኪሞችና የነገረ መለኮት ሊቃውንት የሚመረምሩበት ሥርዓት። መመዘኛውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጡት፣ በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ የተባሉት ፕሮስፔሮ ላምበርቲኒ ናቸው፦ ሕመሙ ከባድ፣ ፈውሱ ድንገተኛ፣ ሙሉና ዘላቂ መሆን አለበት፤ በመድኃኒት የመጣ ለውጥ አይቆጠርም። በፈረንሳይዋ ሉርድ ከ7,000 በላይ ፈውሶች ተመዝግበው ተአምር የተባሉት 70 ያህል ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለእምነት ክብር እንጂ ንቀት አይደለም። ተአምር የሚመረመረው አንድን ሰው ቅዱስ ወይም ብፁዕ ለማለትም ነው፦ በኢትዮጵያ ያገለገሉት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅዱስ ተብለዋል፤ ኢትዮጵያዊው አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ የተባሉት ግን በሰማዕትነታቸው ነው። ካቶሊካዊው ካህን በምሥጢረ ቀንዲል የታመመውን ሰው ግንባርና እጆች ዘይት ይቀባል፤ በሽተኛው ክኒኑን እንዲያቋርጥ አይጠየቅም።